ታፕ የሚደረግ ካርድ ከምን ይሰራ? ቺፑን ብቻ አይቶ መግዛት ለምን ያከስራል

አሁን አሁን ካርድ የማይጠጋበት ቦታ እየጠፋ ነው። የቢሮ በር፣ የሆቴል ክፍል፣ የሪል እስቴት ግቢ፣ የባንክ ካርዱም ራሱ ፖስ ማሽን ላይ ጠጋ አድርጎ መክፈል ሆኗል፣ ዲሲ አካባቢ ያለው ወገን ሜትሮ ሲገባ ስማርትሪፑን፣ ቴላቪቭ ያለው ራቭ-ካቩን፣ ዱባይ ያለው ኖሉን እያስነካ ነው የሚውለው። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም ቺፕ ያለውን ኢ-ፓስፖርት መስጠት ጀምራለች፣ መስሪያ ቤቱ ዩኒቨርሲቲው ፋብሪካው ደሞ የሰራተኛና የተማሪ መታወቂያውን ወደሚነካ ካርድ እየቀየረ ነው።

አንድ መስሪያ ቤት ካርድ ሊያሰራ ሲነሳ ስብሰባው ላይ የሚወራው በሙሉ ስለ ቺፑ ነው። ሚሞሪው ስንት ነው፣ ኢንክሪፕሽኑ ምንድነው፣ ማይፌር ክላሲክ የሚባለው የቺፕ አይነት ይሁን ወይስ ዴስፋየር የሚባለው። ይሄ መጠየቁ ትክክል ነው፣ የማይፌር ክላሲክ ሚስጥራዊ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ሰብረውት ያሳዩት ስለሆነ ዛሬ ለገንዘብ ወይም ለበር ጥበቃ አዲስ የሚገዛ ሰው ሊወስደው አይገባም። ስለ ካርዱ አካል ግን ስፔሲፊኬሽኑ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ናት፣ «ነጭ ፒቪሲ ካርድ፣ 0.76 ሚሊሜትር»፣ በቃ (ፒቪሲ የተለመደው ርካሽ የካርድ ፕላስቲክ ነው)። እኔ የምለው ካርዱ 2 አመት ይቆይ ወይስ 10 አመት የሚወሰነው በዛች መስመር ነው። ቺፑማ አምራቾቹ ዳታውን 10 አመትና ከዛም በላይ ይይዛል ብለው ነው የሚሸጡት፣ ሳያረጅ ነው ካርዱ ቀድሞት የሚሞተው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ነጭ የሆነ የበር ካርድ ካላችሁ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ከስሩ አብሩበት። ጠርዙን ተከትሎ አራት አምስት ጊዜ የዞረ ቀጭን መስመር ይታያችኋል፣ እሱ አንቴናው ነው፣ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ደሞ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነገር አለች፣ ቺፗ እዛ ነው ያለችው። ካርዱ የራሱ የኃይል ምንጭ የለውም፣ ካርዱን የሚያነበው መሳሪያ (ሪደሩ) በ13.56 ሜጋ ኸርዝ የሚለቀውን መግነጢሳዊ ሞገድ አንቴናው ይይዝና ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ቺፗን ያስነሳታል፣ እሷም በዛው አንቴና መልሷን ትልካለች። አይኤስኦ 14443 የሚባለው አለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው ይሄን የሚደነግገው፣ ርቀቱም ቢበዛ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ በተግባር ግን ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ። እንግዲ ውፍረቱን አስቡት፣ ካርዱ በጠቅላላ 0.76 ሚሊሜትር ነው፣ በብዛት የሚሰራበት የቺፕ ሞጁል (ቺፗ የታሸገችበት ክፍል) ብቻውን 0.33 ሚሊሜትር ይወስዳል፣ የመዳብ ሽቦው ደሞ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሞጁሉ በላይና በታች የሚቀረው ፕላስቲክ በጣም ስስ ነው፣ ይሄ ስስ ፕላስቲክ ነው ቺፑንም ሽቦውንም ከሰው ኪስ፣ ከፀሀይ፣ ከላብ የሚከላከለው።

ለንደን ውስጥ አንዳንድ ሰዎች የትራንስፖርት ካርዳቸውን ኦይስተርን አሴቶን ውስጥ ዘፍዝፈው ፕላስቲኩን አሟሙተው ቺፑንና አንቴናውን ብቻ አውጥተው በሌላ ነገር ውስጥ ሰፍተው ሲጠቀሙበት ታይቷል፣ ሽቦው ከቺፑ እስካልተለየ ድረስ ይሰራል። ይሄ የሚያሳየው ለሬድዮው ጉዳይ ፕላስቲኩ አያስፈልግም ማለት ይቻላል፣ የሚያስፈልገው ያቺን ቺፕና ሽቦ የሚገናኙበትን ቦታ ደህና አድርጎ ለመያዝ ነው። ካርድ ሞተ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሞተው እዛች መገናኛ ላይ ነው። የኋላ ኪስ ውስጥ ተቀመጡበት፣ ታጠፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ታጠፈ፣ ሽቦው ከሞጁሉ ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ፀጉር የማታክል ስንጥቅ ትፈጠራለች፣ መጀመሪያ ካርዱ አንዳንዴ ይሰራል አንዳንዴ እምቢ ይላል፣ ከዛ ጭራሽ ዝም ይላል። ሰው ደሞ ስልክ ጎን ስላስቀመጥኩት ማግኔት አጠፋው ይላል፣ ማግኔት የሚያጠፋው ጥቁር መስመር ያለውን የድሮውን ካርድ ነው፣ ታፕ የሚደረገውን ቺፕ የቤት ማግኔት አያጠፋውም።

ሌላው ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የሚሰራ ጥፋት አለ፣ መታወቂያው ላይ ማንጠልጠያ ገመድ ለማስገባት በወረቀት መብሻ መብሳት። አንቴናው ጠርዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው ብያለሁ፣ ጫፉ ላይ የተበሳ ካርድ ሽቦው ተቆረጠ ማለት ነው፣ አንድ ዙር ብቻ ከተቆረጠ እንኳ የኤሌክትሪኩ መስመር ስለሚቋረጥ ካርዱ አለቀለት። ከሰው ሀብት ክፍል አዲስ ካርድ ተቀብሎ እዛው ተበስቶለት በሩ ጋ ሲደርስ የማይከፍትለት ሰራተኛ አለ፣ ጥፋቱ የሲስተሙ ነው ተብሎ የአይቲ ክፍል ይጠራል። ማንጠልጠያ ከፈለጋችሁ አንቴናው ከመበሻው ቦታ ፈንጠር ብሎ እንዲሰራ ከመጀመሪያው ማዘዝ ይቻላል፣ ወይም ጠንካራ የካርድ መያዣ ገዝቶ ካርዱን ሳይነኩ መያዣውን ማንጠልጠል።

ወደ ማቴሪያሉ ልምጣ። ፒቪሲ አሁንም የገበያው ንጉስ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማተም ይቀላል፣ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ሙቀት ንጣፎቹ አንድ ላይ ተጭነው ይጣበቃሉ፣ የትኛውም ካርድ ፕሪንተር ይቀበለዋል። ለአጭር ጊዜ ካርድ፣ ለሆቴል ቁልፍ፣ ለጂም አባልነት፣ ለ2 እና 3 አመት የባንክ ካርድ ምንም አይልም። ማተሚያ ቤቶች ፋይዳን በፒቪሲ አትመው ሲሰጡ ከዚህ አንጻር ችግር የለውም፣ እዛ ላይ ዋናው ነገር ቁጥሩና ኪውአር ኮዱ ነው፣ ካርዱ ቢላጥ ሌላ ይታተማል። ነገር ግን ውስጡ አንቴና ያለው፣ ተተክቶ ሲሰጥ በሲስተም እንደገና መመዝገብ ያለበት ካርድ ሲሆን ሂሳቡ ሌላ ነው።

ፒቪሲ ሁለት ጠላት አለው፣ አንዱ ሙቀት ነው። 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ከዛ በታችም ቢሆን ሸክም ካለበት ቀስ እያለ ይጣመማል። ፀሀይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው፣ ሰመራ ጋምቤላ ድሬዳዋ ያለ ሹፌር ወይም ዱባይና ሪያድ ያለ ሰው ካርዱን ዳሽቦርድ ላይ ትቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ቆልመም ብሎ ያገኘዋል። የሚገርመው የካርድ መጠንና ባህሪ የሚደነግገው አይኤስኦ 7810 ራሱ ካርዱ አስተማማኝ ሆኖ እንዲቆይ የሚጠይቀው ከዜሮ በታች 35 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ክልል ነው፣ ስለዚ «ስታንዳርድ ያሟላል» የሚለው ወረቀት ለመኪና ዳሽቦርድ ዋስትና አይደለም፣ ገዢው ይሄን ማወቅ አለበት። ሁለተኛው ጠላት መታጠፍ ነው፣ ፒቪሲ ሲያረጅ ይደርቃል፣ የደረቀ ፒቪሲ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ በተለይ ቺፑ ዙሪያ።

አንድ በደንብ የማይታወቅ ነገር ደሞ ላንሳ። ብዙ ሰው መታወቂያው እንዳይበላሽ ብሎ ለስላሳ ግልጽ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ይከተዋል፣ ያ ለስላሳ ኪስም ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው፣ የሚለሰልሰው ማለስለሻ ኬሚካል ስለተጨመረበት ነው። ያ ኬሚካል ቀስ እያለ ይወጣና ካርዱ ላይ ያለውን ቀለም ያሟሟዋል፣ ከወራት በኋላ ካርዱን ሊያወጡት ሲሉ ፎቶው ግማሹ ኪሱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ይሄን ያየ ሰው ፕሪንተሩን ይረግማል፣ ፕሪንተሩ አይደለም። ወይ ከላይ መከላከያ ስስ ንጣፍ ይደረግበት፣ ወይ ጠንካራ መያዣ ይሰጠው።

እዚ ላይ ነው ፒቪሲና ፔት የተቀላቀለበት ኮምፖዚት ካርድ የሚመጣው። በብዛት 60 በመቶ ፒቪሲ 40 በመቶ ፔት ነው፣ ፔት የውሀ ጠርሙስ የሚሰራበት ነው፣ ሙቀትና እጥፋት ከፒቪሲ በተሻለ ይችላል። ካርዱ ከታተመ በኋላ በትኩስ ሮለር መከላከያ ንጣፍ የሚደረግበት ከሆነ ንጹህ ፒቪሲ እዛው ማሽኑ ውስጥ ይቆለመማል፣ ኮምፖዚት ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ስለዚ ለ5 አመት የሰራተኛ መታወቂያ እኔ ቢሆን የምመርጠው ይሄን ነው፣ የዋጋ ልዩነቱም ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ጣጣው ፔትና ፒቪሲ በተፈጥሮ እርስ በርስ አይጣበቁም፣ መሀል ላይ ማጣበቂያ ያስፈልጋል፣ ማጣበቂያው ርካሽ ከሆነ ካርዱ ከጠርዙ እንደ ሽንኩርት መላጥ ይጀምራል። ስለዚ ኮምፖዚት ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ ሲላጥ ምን ያህል ጉልበት መቋቋም እንዳለበት መጻፍ አለበት፣ አይኤስኦ ላይ መለኪያው አለ።

ፔት-ጂ የሚባለው ደሞ ክሎሪን የሌለው፣ ማጣበቂያ ሳይፈልግ በሙቀት እርስ በርሱ የሚዋሀድ ነው፣ ከአካባቢ አንጻር ይመሰገናል፣ የሙቀት ችሎታው ግን ከፒቪሲ ብዙም አይበልጥም፣ እሱም 80 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚለሰልሰው። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ጠንካራ ነው ሙቀትም ይችላል፣ ግን ለቀለም አይመችም፣ ብዙ ጊዜ የምናየው 1.8 ሚሊሜትር በሆኑት ወፋፍራም የበር ካርዶች ላይ ነው። ቴስሊን የሚሉት ወረቀት የመሰለ ሰው ሰራሽ ንጣፍ አለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው ቀለምም ማጣበቂያም ይጠጣል፣ ለስላሳ ስለሆነ ቺፑን ከመጨፍለቅ ያድነዋል፣ ለዚህም ነው ኢ-ፓስፖርቶች ውስጥ ቺፑና አንቴናው የሚተኛበት ንጣፍ ሆኖ የሚገባው።

ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ላይ ግን ቆም ብለን ማየት አለብን፣ ምክንያቱም መንግስታዊ መታወቂያ የሚባለው ነገር አለም ላይ ወደዛ ነው የሄደው። የሚለሰልሰው 147 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዳሽቦርድ ምንም አያደርገውም። ንጣፎቹ ከ170 ዲግሪ በላይ ሲጫኑ ያለ ማጣበቂያ ተዋህደው አንድ አካል ይሆናሉ፣ ስለዚ ከፍቶ ፎቶ ቀይሮ መልሶ መዝጋት የሚባል ነገር የለም፣ የሞከረ ሰው ካርዱን ሰባብሮት ነው የሚጨርሰው። ስሙና ፎቶውም ከላይ በቀለም አይታተምም፣ ሌዘር ውስጡ ገብቶ ፕላስቲኩን ራሱን አጥቁሮ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚ አይፋቅም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከህዳር 1 ቀን 2010 ጀምሮ የምትሰጠው ታፕ የሚደረግ ቺፕ ያለው መታወቂያ ከፖሊካርቦኔት የተሰራ ነው፣ 24 አመት ለሞላው ሰው 10 አመት ያገለግላል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በምትሰጠው አዲሱ ፓስፖርት ላይ የፎቶው ገጽ ፖሊካርቦኔት ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደሞ መንጃ ፈቃዳችሁን ጠረጴዛ ላይ ከትንሽ ከፍታ ጣል አድርጉትና ስሙት፣ ከባንክ ካርድ የተለየ፣ ቆርቆሮ የመሰለ ቃጭል ያለ ድምጽ አለው፣ ግዛቷ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነው ወደ ፖሊካርቦኔት የገባችው፣ ሜሪላንድ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2016። እነዚህ መንጃ ፈቃዶች ታፕ የሚደረጉ አይደሉም፣ ማቴሪያሉን በእጅ ለማወቅ ግን ጥሩ ናቸው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ፖሊካርቦኔት ለምን አይወስድም? ዋጋው ከፒቪሲ ብዙ እጥፍ ነው፣ ማምረቻ ማሽኑ ከባድ ነው፣ ቺፑም አንቴናውም ያንን የመጫኛ ሙቀት መቻል አለባቸው፣ ቀጥታ ካርዱ ላይ የሚያትም ተራ የቢሮ ፕሪንተር አያትመውም፣ ውስጡ ለመጻፍ ሌዘር ያስፈልጋል፣ ፎቶውም በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ደሞ የማይበገር አይደለም። አንዳንድ ክሬምና ዘይት፣ የፀሀይ መከላከያ ቅባት፣ አልኮል፣ ካርዱ ተወጥሮ ባለበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ሊያስጀምሩ ይችላሉ፣ ቺፑ የተቀመጠበት ጉድጓድ ጥግ ላይ በተለይ። ፒቪሲ ይጣመማል፣ ፖሊካርቦኔት ግን ሲደክም ይሰነጠቃል። ስለዚ ለ3 ወር ኮንፈረንስ ባጅ ፖሊካርቦኔት ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው፣ ለ10 አመት መታወቂያ ፒቪሲ ማዘዝም እንደዛው ነው፣ ሁለተኛው ግን የሚያመው ቆይቶ ስለሆነ ማንም አይጠየቅበትም።

ብረት ካርድ አሁን ፋሽን ሆኗል፣ ሰውም ይወደዋል ምክንያቱም ከበድ ይላል። ፊዚክሱ ግን አይወደውም። የሪደሩ ሞገድ ብረት ላይ ሲያርፍ ብረቱ ውስጥ የሚሽከረከር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ እሱ ደሞ ሞገዱን ይሰርዘዋል፣ አንቴናው የሚደርሰው ነገር ያጣል። ለዛ ነው ብረት ካርድ ታፕ እንዲያደርግ ከተፈለገ ወይ ፌራይት የሚባል መግነጢሳዊ ንጣፍ መሀል ላይ የሚደረገው፣ ወይ ብረቱ ራሱ እየተሰነጠቀ እንደ አንቴና እንዲያገለግል የሚደረገው፣ አንዳንዱም በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሰራው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የታይታኒየም አፕል ካርድ ጭራሽ ታፕ አያደርግም፣ ታፕ ማድረግ የፈለገ በስልኩ ይክፈል ተብሎ ነው የተተወው። ይሄን የምለው ብረት ካርድ ለማሰራት ለሚያስቡ ሰዎች ብቻ አይደለም፣ ተራ ፒቪሲ ካርድ ላይ ወርቃማ ወይም ብርማ ሰፊ ፎይል የሚያስደርጉ ሰዎችም በትንሹ ያው ችግር ይገጥማቸዋል፣ የሚነበብበት ርቀት ያጥራል። ሎጎው ያብለጭልጭ ከተባለ ከአንቴናው መስመር ላይ ይነሳ፣ ወይ ብረት የሌለው የሚያብረቀርቅ ቀለም ይሁን።

እንጨትና ወረቀት ሞገድ አይከለክሉም። የሞስኮ ሜትሮ ለአጭር ጉዞ የሚሰጠው ወረቀት ትኬት ውስጡ ቺፕ ያለው ነበር፣ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚያገለግል ፕላስቲክ ማባከን አያስፈልግም። ለከተማ ባቡርና አውቶብስ አንድ ቀን ትኬት እኔ ይሄን እደግፋለሁ። ሆቴሎችም የእንጨትና የቀርከሃ ቁልፍ ካርድ ጀምረዋል፣ ደስ ይላል፣ ግን እንጨት እርጥበት ይጠጣል ያብጣል፣ በር ላይ ለሚነካ ካርድ ይሆናል፣ ማሽን ውስጥ ለሚገባ ካርድ አይሆንም።

አሁን የአለም ገበያ ላይ ያለው ትልቁ ግፊት የአካባቢ ጉዳይ ነው። ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ውሳኔ ከጥር 1 ቀን 2028 በኋላ የሱ አርማ ያለባቸው አዲስ ካርዶች ከድንግል ፒቪሲ (ከዚህ በፊት ካላገለገለ አዲስ ፒቪሲ) እንዳይሰሩ ብሏል፣ ስለዚ ማስተርካርድ የሚያወጡ ባንኮች በሙሉ፣ ኢትዮጵያ ያሉትን ጨምሮ፣ ቀጣዩን የካርድ ግዢ ሲፈርሙ ይሄ ቀን ውሉ ውስጥ መኖር አለበት። ፒቪሲ ውስጡ ክሎሪን አለ፣ በየሜዳው ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድና ዳይኦክሲን የሚባሉ ጎጂ ነገሮች ይወጣሉ፣ እኛ ጋ ደሞ ቆሻሻ በየሰፈሩ ስለሚቃጠል ይሄ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

ግን አማራጩን ስንመርጥ አይናችንን ገልጠን መሆን አለበት። ከተጣለ ፒቪሲ እንደገና የተሰራ ካርድ ማስተርካርድ ይፈቅዳል፣ ጥራቱም ከአዲሱ ብዙ አይለይም፣ አዲስ ፒቪሲ እንዳይመረት ይረዳል፣ ሲቃጠል ግን ያው ፒቪሲ ነው። ከበቆሎ ስታርች የሚሰራው ፒኤልኤ የሚባለው ደሞ ብሮሹሩ ላይ በጣም ቆንጆ ነው፣ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል፣ የሚለሰልሰው ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። አውሮፓ ውስጥ ላለ ሰው ይሄ ቁጥር ምንም ላይመስለው ይችላል፣ አፋር ወይም ኩዌት ውስጥ መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ካርድ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚያልቅ ነገር ነው። ደሞ ይበሰብሳል ሲባል የሚበሰብሰው ልዩ በሆነ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ሙቀት ውስጥ ነው፣ ሜዳ ላይ ከተጣለ ብዙ አመት ይቆያል፣ ያውም ውስጡ መዳብና ቺፕ አለ። እኔ በዚህ ጉዳይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፣ 10 አመት የሚቆይ አንድ ካርድ በየ2 አመቱ ከሚጣሉ አምስት «አረንጓዴ» ካርዶች ይሻላል፣ ለአካባቢውም ለኪስም። በተለይ እያንዳንዱ ምትክ ካርድ ማለት እንደገና ዶላር ማለት ለሆነበት አገር። ኢ-ፓስፖርቱን አገር ውስጥ የሚያመርተው የጃፓኑ ቶፓንና የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት መኖሩ ጥሩ ነው፣ ግን ቺፑና የፕላስቲክ ንጣፉ ያው ከውጭ የሚገባ ነው፣ ስለዚ የእድሜ ሂሳቡ አይቀየርም።

ፕላስቲኩን ስናወራ አንቴናውን መርሳት አይቻልም፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚመረጡት። አንደኛው አሰራር የመዳብ ሽቦ በአልትራሳውንድ እያሞቁ ንጣፉ ውስጥ መቅበር ነው፣ ሽቦው ሲታጠፍ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይበጠስም። ሌላው ፔት ላይ የተለጠፈ ስስ አሉሚኒየም በኬሚካል እየበሉ አንቴናውን ማስቀረት ነው፣ ይሄ ርካሽ ነው ለትኬትና ለአንድ ሰሞን ካርድ ይሆናል፣ ደጋግሞ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል፣ ቺፑም በማጣበቂያ ነው የሚገናኘው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ አይነት ነጭ ካርድ ናቸው፣ ሻጩ ካልተጠየቀ አይናገርም፣ በባትሪ ስታበሩበት ግን ይለያያሉ፣ ሽቦው እንደ ክር ቀጭንና ክብ ነው፣ አሉሚኒየሙ ሰፋ ያለ ሪባን ይመስላል። የባንክ ካርድ ላይ ደሞ ማሽን ውስጥ ሲገባ የሚነበበው ወርቃማ ሳህንም ታፕም ያለው አለ፣ ድሮ ሳህኑ ከአንቴናው ጋር በማጣበቂያ ወይም በብየዳ ነበር የሚያያዘው፣ ያ ቦታ እየለቀቀ ብዙ ካርድ ሳህኑ ሲገባ ይሰራል ታፕ ሲደረግ ግን እምቢ ይል ነበር። አሁን ሞጁሉ ጀርባ ላይ ትንሽ ጠምዛዛ አንቴና ተደርጎ ከትልቁ አንቴና ጋር ያለ ምንም ሽቦ በሞገድ ብቻ የሚገናኝበት አሰራር አለ፣ የሚለቅ ብየዳ ስለሌለ እድሜው በጣም ይሻላል። ባንክ የምትሰሩ ሰዎች አቅራቢያችሁን ይሄን ጠይቁት።

ማቴሪያል ሲቀየር አንቴናውም ይነካል። አንቴናውና ቺፑ አብረው ወደ 13.56 ሜጋ ኸርዝ እንዲጠጉ ነው የሚቃኙት፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ አይነትና ውፍረት ሲቀየር ቅኝቱ ትንሽ ይሸሻል፣ ወረቀት ከሆነ ደሞ በእርጥበት ይለዋወጣል። ስለዚ በፒቪሲ የተፈተነ ዲዛይን በፖሊካርቦኔት ወይም በእንጨት ሲሰራ እንደገና መለካት አለበት፣ «ያው ቺፕ ነው» ብሎ ማለፍ አይሰራም።

ህትመቱም አለ። ቺፑ ያለበት ቦታ ላይ የካርዱ ገጽ በጣም ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ቀጥታ ካርዱ ላይ የሚያትም ፕሪንተር እዛ ቦታ ሲደርስ ቀለሙ አይይዝም፣ መታወቂያው ፎቶ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል፣ የማተሚያው ጭንቅላትም ይጎዳል፣ እሱ ደሞ ውድ ነው። መጀመሪያ ፊልም ላይ አትሞ ፊልሙን ካርዱ ላይ የሚለጥፍ ፕሪንተር ይሄ ችግር የለበትም፣ ፔት-ጂና ፖሊካርቦኔትም ላይ ይሰራል። ስለዚ ፕሪንተር ቀድሞ ገዝቶ ካርድ በኋላ መምረጥ አካሄዱ ተገልብጧል፣ ቀድሞ መወሰን ያለበት ካርዱ ነው።

ታዲያ ጨረታው ላይ ምን ይጻፍ? መጀመሪያ የሚጻፈው የማቴሪያሉ ስም ሳይሆን ካርዱ ስንት አመት ማገልገል እንዳለበትና የት እንደሚውል ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ይነካል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል ወይስ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቆላ ነው ደጋ፣ ፋብሪካ ከሆነ ዘይትና ኬሚካል አለ ወይ። አይኤስኦ 24789 የሚባለው ስታንዳርድ በትክክል ለዚህ ነው የተጻፈው፣ የካርድን እድሜ ከአጠቃቀሙ ተነስቶ እንዴት እንደሚገመገም ያሳያል። ከዛ አይኤስኦ 10373 ላይ ያሉት ፈተናዎች ይጠየቁ፣ ካርዱ 1,000 ጊዜ ይታጠፋል፣ 1,000 ጊዜ ይጠመዘዛል፣ ከዛ በኋላ ቺፑ አሁንም መልስ መስጠት አለበት። ቆላ ለሚውል ካርድ ግን ከስታንዳርዱ 50 ዲግሪ በላይ የራሳችሁን ቁጥር ጨምሩ፣ ለምሳሌ 80 ዲግሪ ላይ ለተወሰነ ሰአት ቆይቶ እንዳይጣመምና እንዲነበብ። ፒቪሲ እዛ ጋ ራሱን በራሱ ከውድድሩ ያወጣል፣ እናንተ ስሙን መጥራት አይጠበቅባችሁም፣ ርካሹን ለምን ጣላችሁ የሚል ቅሬታም አይመጣም።

ዋጋውም በካርድ ሳይሆን በካርድ አገልግሎት አመት ይወዳደር። 2 አመት የሚቆይ ካርድ ዋጋው አንድ ቢሆንና 10 አመት የሚቆየው ሶስት እጥፍ ቢሆን፣ በ10 አመት ውስጥ ርካሹ አምስት ጊዜ ይገዛል፣ ያውም የህትመቱ፣ የሰልፉ፣ ሰራተኛው በር ላይ ቆሞ የሚያጠፋው ሰአት ሳይቆጠር። ፖሊካርቦኔቱ አስር እጥፍ ቢሆን ደሞ ለተራ መስሪያ ቤት አያዋጣም፣ ያኔ ኮምፖዚቱ ያሸንፋል። ይሄን ሂሳብ ለመስራት ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ሳይሰራ ግን ስንት ጨረታ ይዘጋል።

አሸናፊው ከታወቀ በኋላም ናሙና ተቀበሉና የራሳችሁን ሰዎች አስይዟቸው፣ ጥበቃው፣ ሹፌሩ፣ የጽዳት ሰራተኛዋ፣ ካርድ በጣም የሚጎዳው እነሱ እጅ ላይ ስለሆነ ቢሮ የሚውለው ኃላፊ ብቻ እንዳይሞክረው። ከናሙናው ደሞ የተወሰኑትን አሽጋችሁ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጭነት ጥሩ ሆኖ ሶስተኛው ላይ ሽቦው ወደ አሉሚኒየም፣ ኮምፖዚቱ ወደ ተራ ፒቪሲ ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ አንዱን ከአዲሱ ጭነት አንዱን ከታሸገው አውጥቶ ባትሪ ከስር አብርቶ ማየት፣ ጠርዙን በምላጭ ከፍቶ ንጣፎቹን ማነጻጸር ይቻላል፣ ውሉ ላይም ልዩነት ከተገኘ ጭነቱ በአቅራቢው ወጪ እንደሚመለስ ቀድሞ መጻፍ አለበት።